ዋሱ ማን ነው? ከየካ ለጋሲዮኖች እስከ ቦሌ፤ ለባሕር ማዶ ትምህርት የማመልከት አጭር ታሪክ

፩. መግቢያ

ማታ ማታ ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ የሚመላለስ ሰው አንድ ዓይነት ጉዞ ደጋግሞ ያያል። አንድ ሚኒባስ ቤተ ዘመድ ሞልቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይወርዳል፤ ከመካከላቸው የሚሄደው ግን አንድ ወጣት ብቻ ነው። እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። በሻንጣው ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ አለ። በእጁ በያዘው የወረቀት መያዣ ውስጥ ደግሞ ፓስፖርቱ፣ የትምህርት ማስረጃውና ከባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ የተጻፈለት የመቀበያ ደብዳቤ ይገኛሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ተጓዡ ይገባል፤ የቀሩት ውጭ ቆመው በመስተዋት ውስጥ ይፈልጉታል።

እኛም በዚህ በር ላይ ወዳጆቻችንን ብዙ ጊዜ ሸኝተናል። ዘንድሮ ግን ራሳችን ማመልከቻ ስለ ላክን፣ ከሻንጣው ይልቅ የወረቀት መያዣው ነገር አሳሰበን። በውስጡ ያሉትን ወረቀቶች አንድ በአንድ ስንመረምራቸው ሁሉም አንድ ጥያቄ ለመመለስ የተሰበሰቡ ሆነው አገኘናቸው፤ ይኸውም «ለዚህ ሰው ዋሱ ማን ነው?» የሚል ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ለባሕር ማዶ ትምህርት የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ ዋሱ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለዋወጠ ነው። በመጀመሪያ ዋሱ ንጉሥ ወይም ሚሲዮን ነበር፤ ቀጥሎ መንግሥት ሆነ፤ ዛሬ ቤተ ሰብ ሆኗል። ዋሱ በተለወጠ ቁጥርም የመመለሱ ነገር አብሮ ተለውጧል። የጥናታችንን ሥፍራ በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል የወሰንነው ያለ ምክንያት አይደለም። የውጭ መንግሥታት ለጋሲዮኖች በቀበናና በየካ፣ ለውጭ ትምህርት ያዘጋጅ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ፣ መሄጃው አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በቦሌ ስለሚገኙ፣ ታሪኩን በእግር ሊከተሉት የሚቻለው በዚሁ በኩል ነው። ዓመተ ምሕረቱ «እ.ኤ.አ.» ካላልን በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

፪. የቆሎ ተማሪ ዋስ

ለትምህርት ሲባል ከአገር መራቅ ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ለመማር ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር፤ ዛሬም የሚሄድ አለ። ይህ ተማሪ የጽሑፍ ማመልከቻ አልነበረውም። የኔታ ደጅ ላይ ቀርቦ እጅ ይነሣል፤ ከማን ዘንድ እንደ ተማረ ይጠየቃል፤ በቃሉ የያዘውን ያሰማል፤ ይኸው ነው። የትምህርት ማስረጃው በአንደበቱ ነበር።

ዋሱስ ማን ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከደጁ ቁራሽ የሚሰጠው ባላገር ነበር እንላለን። ባላገሩ የተማሪውን አባት አያውቅም፤ ተመልሶ ይክፈለኝም አይልም። ሆኖም ይህ ልጅ ተምሮ የትም ደብር ቢያገለግል አገልግሎቱ ከዚያው ከአንዱ ቤት እንደማይወጣ ያውቃል። ስለዚህ ለቆሎ ተማሪ የመመለስ ጥያቄ ብርቱ ጥያቄ አልነበረም። የሄደበትም አገር፣ የመጣበትም አገር በአንድ ትምህርት የተያያዙ ነበሩና። ባሕር ተሻግሮ መማር ሲጀመር ግን ይህ ማያያዣ ተበጠሰ፤ ሌላ ዋስ ማስፈለጉም ከዚህ የተነሣ ነው።

፫. ንጉሥና ሚሲዮን

ወደ ባሕር ማዶ የሄዱት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አመልካቾች አልነበሩም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ገና ሕፃን ሳሉ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር መኰንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው፣ በዚያው አድገው፣ በላሆር ሕክምና ተማሩ። እሳቸውን ማንም «መሄድ ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ደግሞ ከባርነት በምጽዋ ነፃ ወጥተው፣ በስዊድን ሚሲዮን እጅ አድገው፣ በስዊድን አገር ተምረው ተመለሱ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመውም በ1891 ዓ.ም. ታተመ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን እንደ መሆናችን የኦኔሲሞስን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ያን ጊዜ የሚነገረን ግን ስለ ትጋታቸው ነበር። አሁን ስናስበው፣ ከትጋታቸው ሌላ የላካቸውም የተቀበላቸውም አንድ ማኅበር መሆኑ ለመመለሳቸው ትልቅ ምክንያት ይመስለናል።

ንጉሥ ዋስ ሆኖ የላካቸው የመጀመሪያዎቹ ዕድል ግን እንዲህ አልቀናም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ሦስት ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ላኩ፤ ከእነሱም መካከል አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና ጉግሳ ዳርጌ ይገኙ ነበር። የዓድዋ ጦርነት በተነሣ ጊዜ እነዚህ ወጣቶች ወደ ኢጣሊያ ወገን ተሻገሩ። አፈወርቅ ቆይተው በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የማይረሳ ሥራ አበርክተዋል፤ ነገር ግን የንጉሡ ዋስትና ብቻውን ሰውን እንደማይመልስ በእነሱ ታየ። በአንጻሩ ከዓድዋ በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተመልሰው አገራቸውን በልዩ ልዩ ሹመት አገለገሉ፤ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁም እሳቸው ናቸው።

ከዓድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልክተኞች በብዛት ወደ አዲስ አበባ ስለ መጡ፣ አፄ ምኒልክ ከቤተ መንግሥቱ በስተምሥራቅ በቀበናና በየካ በኩል ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የጀርመን ኤምባሲዎች ዛሬም በዚያው አሉ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለውም ሠፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ባሕር ማዶ የተባለው ዓለም ለከተማው ነዋሪ በግንብ አጥር ተከልሎ ፊቱን ያሳየው በዚህ በኩል ነበር ማለት ይቻላል።

ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ከሆኑ በኋላ ተማሪ መላክ የመንግሥት ሥራ እየሆነ ሄደ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ወጣቶችም ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ተላኩ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስክንድርያና በፓሪስ ተማሩ፤ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። መላኩ በያን በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1935 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ስንዱ ገብሩ በስዊስ አገር ተምረው ተመልሰው መምህርት፣ ደራሲና ቆይተውም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ስለ ነበር፣ ተማሪው በባቡር ጅቡቲ ይወርድና ከዚያ በመርከብ ወደ ማርሴይ ይሻገራል። ለመመረጥ ዋናው ነገር ማመልከቻ መጻፍ ሳይሆን፣ በአልጋ ወራሹ ዘንድ መታወቅ ወይም የሚያሳውቅ ሰው ማግኘት ነበር።

የዚህ ዘመን መጨረሻ መራራ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እየለዩ ፈጁት። በእንግሊዝ አገር የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከተገደሉት መካከል ናቸው። በዚያ ጊዜ የተማሪዎቹ ዋስ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ራሱ በስደት በእንግሊዝ አገር ነበር።

፬. ኮተቤና «ማትሪክ»

ከነፃነት በኋላ መንግሥት የገጠመው ችግር ግልጽ ነበር። መሥሪያ ቤቶች ተከፈቱ፤ የሚሠራባቸው የተማረ ሰው ግን አልቋል። በአገሩ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ መማር ማለት ወደ ውጭ መሄድ ማለት ነበር። ስለዚህ በ1935 ዓ.ም. ከከተማው በስተምሥራቅ በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተማሪዎቹ እዚያው እያደሩ ይማሩ ነበር። በሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ተመሠረተ። ዛሬ ኮተቤ የከተማው ክፍል ነው፤ መምህራን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲም አለው። በዚያን ጊዜ ግን ከከተማ ወጣ ያለ፣ ተማሪ ከመጽሐፉ በቀር ሌላ የማያይበት ሥፍራ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪዎቹ የሚዘጋጁት ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና ነበር። ፈተናው «ማትሪኩሌሽን» ይባል ስለ ነበር ሕዝባችን አሳጥሮ «ማትሪክ» አለው። ኋላ የኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና ሲተካውም ስሙ አልተለወጠም። ዛሬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና «ማትሪክ» የምትል እናት፣ ሳታውቀው ከሰማንያ ዓመት በፊት በኮተቤ ይነገር የነበረውን የባሕር ማዶ በር ስም ትጠራለች ማለት ነው።

በዚህ ዘመን ዋሱ መንግሥት ነው። ፈተናውን ያለፈውን ተማሪ ትምህርት ሚኒስቴር ይመርጠዋል፤ የመሄጃውንና የትምህርቱን ወጪ ይከፍልለታል፤ ምን እንደሚማርም ይነግረዋል። አንዳንድ ጊዜ የተነገረውና የተማረው አልተገናኙም። አፈወርቅ ተክሌ በ1939 ዓ.ም. ገደማ፣ በ15 ዓመታቸው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው ሳለ ወደ ሥዕል አዘነበሉ፤ በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶችም ተማሩ። የአፍሪካ አዳራሽን የመስተዋት ሥዕሎች ያየ ሰው፣ ማዕድን ሳይቆፍሩ በመቅረታቸው አገሪቱ የተጐዳች አይመስለውም። የኮተቤው ተማሪ መንግሥቱ ለማም በ1940 ዓ.ም. ገደማ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ከተመለሱ በኋላ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን የመሰሉ ተውኔቶች ሰጡን።

በዚያን ጊዜ ከሄዱት አብዛኞቹ ይመለሱ ነበር። ለዚህም ምክንያቱ የአገር ፍቅር ብቻ ነው ብንል ታሪክን ማሳመር ይሆንብናል። የተማረው ሰው ጥቂት ስለ ነበር፣ ለተመለሰው ወጣት ወንበሩ ተዘጋጅቶ፣ ደመወዙ ተቈርጦ ይጠብቀው ነበር። ዋሱ የላከውን ሰው መቀበያም ነበረው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራውን ጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹም ምሩቃን በ1946 ዓ.ም. ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ ብሎ ባሕር መሻገር ግዴታ መሆኑ ቀረ። እንዲያውም ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ወጣቶች በንጉሠ ነገሥቱ ስኮላርሺፕ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ ይማሩ ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያም በተራዋ ለሌላው ልጅ ዋስ የሆነችበት ጊዜ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል።

፭. ቦሌ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የውጭ አገር በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከልደታ ሜዳ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አየር መንገዱ ቦይንግ 720 የተባሉ የጄት አውሮፕላኖችን ለመግዛት ሲወስን፣ የልደታ ሜዳ ለጄት አጭር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በቦሌ አዲስ ማረፊያ ተሠርቶ፣ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. መንደርደሪያውና መቈጣጠሪያ ማማው ለሥራ ደረሱ።

ይህ ነገር ለተማሪው ምን ለወጠለት? አንደኛ፣ በባቡርና በመርከብ ሳምንታት ይወስድ የነበረው ጉዞ የአንድ ቀን ጉዞ ሆነ። ሁለተኛ፣ ለመሄድ መንግሥትን መጠበቅ ግድ መሆኑ እየቀረ መጣ። በግሉ ለአሜሪካ ኮሌጆች ደብዳቤ እየጻፈ፣ በዘመድ ወይም በበጎ አድራጊ ረዳትነት የሚሄድ ተማሪ ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ። ማመልከቻ የሚለው ቃል እውነተኛ ትርጕሙን ያገኘው በዚህ ጊዜ ይመስለናል፤ ሰው ተመርጦ መላኩ ቀርቶ፣ ራሱን አቅርቦ «ተቀበሉኝ» ማለት ጀመረ። ሦስተኛ፣ መሸኘት የቤተ ዘመድ ሥርዓት ሆነና፣ ቦሌ የሚለው የሠፈር ስም ከመለየት ጋር አብሮ የሚነሣ ሆነ።

፮. ዋስትናው የፈረሰበት ዘመን

መንግሥት የላካቸው ሰዎች በላካቸው መንግሥት ላይ መነሣት የጀመሩት በዚያው ዘመን ነው። የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት ከመሩት አንዱ ግርማሜ ንዋይ በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ነበሩ። በሰሜን አሜሪካና በኤውሮፓ የነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራትም የዘውዱ ብርቱ ተቃዋሚዎች ሆኑ። አገር ቤት ያለው ተማሪ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ፣ በውጭ ያለው ደግሞ በጽሑፍ ያግዘው ነበር።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ፣ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ትምህርታቸውንና ሥራቸውን እየተዉ ተመለሱ። በታሪካችን ውስጥ ማንም ሳያስገድደው፣ ወንበርም ሳይዘጋጅለት በብዛት የተመለሰ የተማሪ ትውልድ ይህ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ያገኙት ግን እስርና ሞት ነበር። ከፓሪስ የተመለሱት የመኢሶን መሪ ኃይሌ ፊዳ በደርግ እጅ ተገደሉ፤ በኢሕአፓም ወገን ከውጭ ተመልሰው ያለቁት ብዙ ናቸው። ከዚህ በኋላ ባሕር ማዶ የቀረው ተማሪ «ለምን አልተመለስክም?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ የተመለሱትን ስም መጥራት ይበቃው ነበር።

ደርግም በበኩሉ ተማሪ ይልክ ነበር። ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ሌሎችም የሶሻሊስት አገሮች የሄዱት በርካታ ናቸው፤ ወደ ኩባም በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች ተልከው ተምረዋል። በግል የሚሄደው ግን የመውጫ ቪዛ ማግኘት ነበረበት። እንዲህ ሆኖ የቦሌ በር ለአንዱ የዕድል፣ ለሌላው የማምለጫ በር ሆነ። ብዙዎቹም በቦሌ መውጣት ስላልቻሉ በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ።

፯. የዛሬው ማመልከቻ

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የመሄድ ፈቃድ እየቀለለ፣ የመሄጃው ወረቀት ግን እየበዛ መጣ። ዛሬ በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ በፎቆቹ ላይ ተማሪ ወደ ውጭ እንልካለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ተሰቅለዋል። የአመልካቹን ወረቀቶች ከዋስ አንጻር ብናያቸው እንደሚከተለው ይሆናሉ።

የመጀመሪያው የትምህርት ማስረጃ ነው፤ በዚህ ዋሱ ትምህርት ቤቱ ነው። ሁለተኛው የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ዋሱ መምህሩ ነው። ሦስተኛው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ነው፤ ቶፍል እ.ኤ.አ. ከ1964፣ አይኤልትስ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ይሰጣሉ። ቀድሞ የኔታ በጆሮአቸው ይመዝኑት የነበረውን ዛሬ የፈተና ድርጅት በቁጥር ይመሰክርለታል። አራተኛው አመልካቹ ስለ ራሱ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ራስን ማመስገን እንደ ነውር በሚቈጠርበት ባህል ላደግን ለእኛ ከሁሉ የከበደን ይህ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፈን ሦስት ጊዜ ቀደድነው።

አምስተኛውና ቈራጩ የገንዘብ ማስረጃ ነው፤ በዚህ ዋሱ ቤተ ሰብ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በጀርመን አገር በራሱ ወጪ የሚማር ተማሪ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ በዝግ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል፤ ልኩም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ሆኖ ተወስኖ ነበር። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በሰኔ ወር ለዋስትና ይበቃ የነበረ የቤተ ሰብ ቁጠባ፣ አንዲት ሳንቲም ሳይወጣበት በነሐሴ የማይበቃ ሆነ ማለት ነው።

ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ ከዚህ ጭንቅ ይድናል፤ ዋሱ የሌላ አገር ሕዝብ ግብር ነውና። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስተውለናል። የእንግሊዝ መንግሥት የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ፣ ተማሪው ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ያስገድዳል። የአሜሪካው ፉልብራይትም ተመሳሳይ የሁለት ዓመት ግዴታ አለው። በራሱ ገንዘብ ለሚሄደውም ቢሆን የአሜሪካ ሕግ አመልካቹን ለመቅረት እንደሚሄድ ሰው አድርጎ ይገምተዋል፤ እንደሚመለስ የማስረዳቱ ሸክም የአመልካቹ ነው። ስለዚህ ዛሬ «ትመለሳለህ ወይ?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቀው የምንሄድበት አገር ነው። የምንሄድበት አገር ይህን ያህል ሲጠይቅ፣ የምንነሣበት አገር አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀንም።

ይህን ስንል ከሰው ሰምተን ብቻ አይደለም። ለማመልከቻችን የሚያስፈልገንን የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ሳምንት ተመላልሰናል። አንድ ቀን ኃላፊው የሉም፤ አንድ ቀን ማኅተሙ ተቈልፎበታል፤ አንድ ቀን መብራት የለም። ወረቀቱ በእጃችን ሲገባ የአንደኛው ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ቀን አልፎ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ወዴት እንደምንሄድ፣ ምን እንደምንማር፣ መቼ እንደምንመለስ የጠየቀን ሰው አልነበረም። የተጠየቅነው የአገልግሎት ክፍያ የከፈልንበትን ደረሰኝ ብቻ ነው።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ የቆሎ ተማሪን ባላገሩ፣ ኦኔሲሞስን ሚሲዮኑ፣ የተፈሪ መኰንንንና የኮተቤን ተማሪዎች ንጉሡና መንግሥቱ ዋስ ሆነዋቸው ነበር። እነዚህ ዋሶች አንዳንድ ጊዜ ጨቋኞች ነበሩ፤ የሚማረውን ትምህርት ያለ ፈቃዱ ይመርጡለት ነበር፤ በማይታወቅ ቤት የተወለደውን ልጅም ይረሱት ነበር። ስለዚህ የድሮው ይመለስ አንልም። ማንም ሰው ደጅ ሳይጠና በችሎታው ማመልከት መቻሉ ትልቅ እርምጃ ነው። ከውጭ የሚላከው ገንዘብም ብዙ ቤት እንደሚያቆም እናውቃለን።

ነገር ግን የድሮው ዋስ ዛሬ የሌለ አንድ ነገር ነበረው፤ የላከውን ይጠብቅ ነበር። የሚጠብቀው ሰው ያለው ተማሪ ቢቀር እንኳ መቅረቱ ያስጨንቀዋል። የሚጠብቀው የሌለው ግን ስለ መመለስ የሚያስበው በቪዛ መጠየቂያው መስኮት ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ተማሪው አለመመለስ የሚጻፈው ወቀሳ ሁሉ ከመጨረሻው ገጽ የሚጀምር ይመስለናል፤ መጀመሪያው ገጽ የሚጻፈው ማመልከቻው በሚላክበት ቀን ነው።

እንግዲህ በአቅማችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ለትምህርት የሚወጣውን ምሩቅ ስም፣ የትምህርት ዓይነትና የሄደበትን አገር የሚይዝ መዝገብ ያቋቁም፤ በዓመት አንድ ጊዜም ይጻፍለት። ሁለተኛ፣ የትምህርት ማስረጃ በተወሰነ ቀን የሚሰጥ ይሁን፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ የሄዱት ደግሞ እዚህ ለቀሩት ታናናሾቻቸው ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ያሳዩ፤ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በቤት ይቀራልና።

ጽሑፋችንን የምንፈጽመው በራሳችን ጉዳይ ነው። አባታችን ጡረተኛ መምህር ናቸው። ለገንዘብ ማስረጃው የሚሆን የዋስነት ደብዳቤ ባቀረብንላቸው ጊዜ፣ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩባትን በኮተቤ ያለችውን ቤት ካርታም ከሣጥን አውጥተው አያያዙት። ከፈረሙ በኋላ፣ «እኔ ለእነሱ እንደምትመለስ ዋስ ሆኛለሁ፤ ለአንተስ ስትመለስ የሚቀበልህ መኖሩን ማን ዋስ ሆነልህ?» ሲሉ ጠየቁን። ለጊዜው መልስ አላገኘንላቸውም። ማመልከቻው ግን ተልኳል፤ ካርታውም ወደ ሣጥኑ ተመልሷል። ይህን ጥናት እንድንጽፍ ያነሣሣን የእሳቸው ጥያቄ ስለ ሆነ፣ መልሱን ለአንባቢዎቻችንም አካፍለናል።